ከድንጋይ ማውጫው የሚወርደው ዘጠነኛ መንገድ

ጥቅምት 4፣ ጧት 2 ሰዓት
ዛሬም ጫማዬ በጤዛ ራሰ፤ ግድ የለም። ከላፍቶ ወደ ሃና ማርያም ከሚወስዱት የእግር መንገዶች ሰባተኛውን ጨረስኩ። ቀበሌው ኮሚቴ አቋቁሞ የአካባቢውን መንገዶች ታሪክ ጻፉ ካለን ወዲህ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ሜዳ ላይ ነኝ። ካርታ የምስለው እኔ ነኛ፣ የጂኦግራፊ መምህርቷ! መንገድ የሚመሩኝ ኦቦ ጉደታ ናቸው፤ እዚሁ ተወልደው ያረጁ ገበሬ። ስም የሌለው መንገድ የለም፦ የሙሽራ መውጫ፣ የወፍጮ መንገድ፣ የለቅሶ መንገድ። ጤፉ በነፋስ ተኝቶ ይነሳል። ቆሜ ሳየው ሰዓቱ አመለጠኝ። ደብተሬ፣ ደስ ብሎኛል።

ጥቅምት 7፣ ከሰዓት
ስምንተኛው አለቀ። ከዚያ ደግሞ ዘጠነኛ! ከወንዙ ማዶ፣ በባህር ዛፉ ሥር፣ ቀጭን፣ በቅርብ የተረገጠ። ወደ ድሮው ድንጋይ ማውጫ ይወርዳል። ኦቦ ጉደታን ስሙን ብጠይቃቸው ዓይኔ ደክሟል፣ መንገድ አይታየኝም አሉ። ጉድ እኮ ነው! አሁን ገና ማዶ ያለች ቆቅ ያሳዩኝ ሰውዬ! ተናደድኩና ካርታው ላይ በቀለም አስገባሁት። ቀበሌ ደርሼ ለጓድ ሊ/መንበር ዘጠኝ አገኘሁ ብዬ ጉራዬን ነፋሁ። በሚመጣው ሐሙስ መጥቼ አየዋለሁ አለ።

ጥቅምት 10፣ እሑድ
በዘጠነኛው መንገድ ብቻዬን ወረድኩ። ጭጋግ። ዜማ ሰማሁ፤ አፍ ተዘግቶ የሚዘመር፣ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ። ድንጋይ ማውጫው ጉድጓድ ውስጥ ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አስቴር መሃላቸው! የግቢ ጎረቤቴ፣ ክር ፋብሪካ የምትሠራው የወላይታ ልጅ። ጴንጤዎቹ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሑድ እሑድ የት ትሄጃለሽ ስላት ዘመድ ጥየቃ ትለኝ ነበር። ባሏም በዚሁ ነገር እንደታሰረ ነው። እኔ የማርያም ልጅ፣ ዜማው አፍዝዞኝ ቆሜ ቀረሁ፤ ሕልም ይሁን እውን አላውቅም። ወዲያው ካርታው ትዝ አለኝ። በቀለም ስዬዋለሁ። በገዛ እጄ!

ጥቅምት 11
አስቴርን ቧንቧው ጋ አገኘኋትና ሁሉን ነገርኳት። አልጮኸችም። ባልዲዋን አስቀምጣ፣ እህቴ፣ እኔም ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል አለችኝ።

ጥቅምት 13
ዘጠነኛውን መንገድ ከካርታው ላይ በምላጭ ፋቅኩ። ወረቀቱ ተበሳ። ምን ዋጋ አለው፣ ሊ/መንበሩ ነገ ራሱ መጥቶ ሊያይ! ለኦቦ ጉደታ ምን ይሻላል አልኳቸው። ዱላቸውን አንስተው ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ።

ጥቅምት 14፣ ጧት 1 ሰዓት
ከቤት ስወጣ ኦቦ ጉደታ ማዶ ናቸው። የራሳቸውን ከብት፣ የጎረቤት ጨምረው፣ በዚያች መንገድ ሽቅብ ቁልቁል ይነዳሉ! መሬቱ ሁሉ ኮቴና እበት፤ የሰው ዳና የሚባል የለም። ምን እየሆነ ነው ብላቸው ከብት ውሃ አይጠጣም ወይ አሉ። የከብትና የሰው መንገድ ሳትለዪ ነው እንዴ መምህርት የሆንሽው? እየሳቁብኝ። ገባኝ። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣብኝ። እኔም አለንጋ ተቀብዬ ነዳሁ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት
ሊ/መንበሩ መጣ። ጫማው እበት ውስጥ ገባ። ዘጠነኛሽ ይህ ነው? አዎ፣ ተሳስቼ ነው አልኩ። ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ግለሂስ ታደርጊያለሽ፣ ካርታውንም ለሌላ ሰው ታስረክቢያለሽ ብሎኝ ሄደ። ካርታዬን! እርምጃ በእርምጃ በእግሬ የለካሁትን! ነደደኝ። የሚቀጥለው ሰው የኦቦ ጉደታን የመንገድ ስሞች መች ያዳምጣል?

ግን ወስኛለሁ። ቅዳሜ በሕዝብ ፊት ተነስቼ፣ የሰው እግርና የከብት ኮቴ መለየት የማልችል ነኝ እላለሁ። ይሳቁብኝ። አስቴርም ከልጆቿ ጋር ከኋላ ትቀመጣለች። ወደ እሷ አላይም። ካየኋት ፊቴ ያሳብቅብናል።