የመውለጃሽን ሻንጣ ማንም እንዳይነካው

ልጄ ማኅሌት፣ ጣና ዳር ያሉት ታቦታት ሁሉ አንቺንም በሆድሽ ያለውንም ይጠብቁልኝ። እኛ ደኅና ነን፤ ባሕር ዳርን ዝናቡ አረስርሷት ሰንብቷል።

የመውለጃ ዕቃሽን ወደዚያ በሚሄድ ሰው ልኬልሻለሁ። ሻንጣው ውስጥ ራስሽ ክተቺው፤ ማንም እንዳይነካብሽ። አንቺን ልወልድ ከዱርቤቴ ስመጣ ሻንጣዬን የያዘችልኝ አክስትሽ ፀሐይወርቅ ነበረች። ሆስፒታል ደርሼ ብከፍተው አዲሱ ጋቢም የሕፃን ልብሱም የለም። በማላውቃት ሴት ነጠላ ጠቀለልሁሽ። ኋላ ፀሐይወርቅን ብጠይቃት «ለድሃ ልጅ አሮጌ ይበቃዋል» አለችኝ።

ባለፈው እሑድ መጣች። ልጇ ልትወልድ ደርሳለች። «ለማኅሌት የገዛሽውን ለእኔ ልጅ ስጪልኝ፤ ውጭ አገር ምን ይጎድላል?» አለች። ፎጣውን፣ ካልሲውን፣ ጋቢውን አንድ በአንድ እያወጣሁ አሳየኋት። ዓይኗ ሲቀላውጥ መልሼ ከተትሁና «ለልጅሽ አሮጌ ይበቃታል» ብዬ ባዶ እጇን ሸኘኋት። የንስሐ አባቴ «ይቅር በያት» አሉኝ። «እሺ አባ» አልሁ፤ ልቤ ግን እሺ አላለም።

ማርያም አጠገብሽ ቁማ በሽልም ታውጣሽ። አንዲት ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ስትገላገይ ከሰው ሁሉ ቀድመሽ ለእኔ ደውዪልኝ። ለፀሐይወርቅ ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ ፊቷን እያየሁ የምሥራቹን የምነግራት እኔ ልሁን።

እናትሽ ምሥጋና