የቦኖው ድምፅ

ጋምቤላ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ኤልናታን፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን። እማዬ ወገቧን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ወጣ ገባ ትላለች። ናይሮቢ ይበርዳል ሲሏት በዚህ ሙቀት ሹራብ ጀምራልሃለች።

ስለ ሥራው ልንገርህ። በኢንተርኔት ገንዘብ ያዋጡልን ሰዎች መቼ ይደርሰናል እያሉ ደጋግመው ስለጠየቁ፣ የውሃ ሮቶ ሲሞላ የሚጣሩትን የቀሩትን ሣጥኖች ሰርኪት እኔው በይጄ ጨረስኩ። ንድፉን ከነድምፁ በነፃ ስለለቀቅነው፣ መጠበቅ የሰለቻቸው ራሳቸው እየሠሩት ነው። አንድ የማላውቀው ሰው ከማላውቀው አገር ቪዲዮ ላከልኝ። ሮቶው ሲሞላ ኛቦል ከሣጥኑ ውስጥ በኑዌርኛ «እናቶች፣ ውሃው መጥቷል፣ ኑ» ትላለች። እዚያ ቋንቋዋን የሚሰማ የለም፤ ሴቶቹ ግን ጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። ቪዲዮውን መጨረስ አቃተኝ። ኛቦል የነበረችባት ጀልባ ኢታንግ ላይ ከተገለበጠች ሁለተኛው ክረምት አለፈ፤ ባሮ እስካሁን አልመለሳትም።

ባለፈው ሳምንት የቦኖውን ሶላር ልጠግን ትየርኪዲ የስደተኞች ጣቢያ ሄጄ ነበር። እናቷን ማማ ኛባንግን አገኘኋት። ሠርጋችሁ ሳይደርስ ቢቀርም ዛሬም «አማቼ ደህና ነው?» ትላለች። የቦኖው ጠባቂ ቢየል በየቀኑ እንደምትመጣ ነገረኝ፤ ጀሪካን ግን አትይዝም። ሮቶው ሞልቶ ኛቦል ስትጣራ ሴቶቹ ወደ ቧንቧው ሮጡ። ማማ ባለችበት ቆማ በቀስታ አንድ ነገር አለች።

«ምን አለች?» አልኩት ቢየልን።

«‹መጣሁ ልጄ› ነው የምትለው። ሁልጊዜ እንዲህ ትመልስላታለች።»

ከዚያ እጄን ያዘችና ረጅም ነገር ተናገረች። ቢየል አንገቱን ደፍቶ ተረጎመልኝ። «ልጄ መቼ ነው የምትተኛው? ትላለች። ጠዋት ትጣራለች፣ ማታ ትጣራለች። መቃብር የላት፣ ዕረፍት የላት። የምትቀሰቅሻት አንቺ ነሽ ትላለች።»

«ድምፁን እንዳትነኪ» ያልከኝ ትዝ አለኝ። ግን እናት ፊቴ ቆማለች። ሣጥኑን ከፈትኩ። ጎረቤቷን ኛጉዋን ያንኑ ጥሪ አስብዬ እዚያው አንድ ዛፍ ሥር በስልኬ ቀድቼ፣ የእሷን ድምፅ ተካሁበት። ኛጉዋ ከሣጥኑ ውስጥ ራሷን ስትሰማ ሴቶቹ ሳቁ። ማማ አልሳቀችም። መሬት ላይ ቁጭ አለችና ጮኻ አለቀሰች። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ጥለው ከበቧት፤ እኔም ተቀመጥኩ። አስከሬን ይገኛል እያልን ያልተቀመጥነውን ለቅሶ ያኔ ተቀመጥን።

ዕንባዋን ስትጠርግ «ሌላውም ቦታ ዝም ብላለች?» አለችኝ። መዋሸት አልቻልኩም። አንዴ የተለቀቀ ነገር አይሰበሰብም፤ ስሙን በማናውቀው አገር ገና ትጣራለች አልኳት። ቢየል መተርጎሙን ፈራ፤ ተረጎመው። «እዚያስ ውሃው ይመጣል?» ብላ ጠየቀች።

«ይመጣል» አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ለሰዎቹ በምልካቸው ሣጥኖችም ላይ ድምፁን ቀይሬዋለሁ። ብትቆጣኝ አይከፋኝም።

አንድ ነገር ግን ልበልህ። ባለፈው ስንደዋወል ከኋላህ ኛቦልን ሰማኋት። «የጎረቤት ሬዲዮ ነው» አልከኝ፤ እኔም ወሬ ቀየርኩ። ኤልናታንዬ፣ አንተ ክፍል ውስጥ ሮቶ የለም። ወረፋ የያዘች እናትም የለችም። ማማ ኛባንግ ለቅሶ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ ያንተ ቦታ ብቻ ነው ባዶ የቀረው።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፣ እንቅልፍህንም ይባርክልህ። እማዬ ግንባርህን ስማሃለች።

እህትህ አቢጋኤል