መስታወቱ ውስጥ ያለችው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን
ፀጉር ቤቱ ሳይከፈት

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣ ለሚጣዬ፤

እንደምነሽ? ልጆችሽስ ደህና ናቸው ወይ? እኔ ጉልበቴ ከሚያጉረመርመው በቀር ደህና ነኝ። ፀጉር ቤቱም ደህና ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አሁንም ጠዋት ጠዋት ትመጣለች፤ ፀጉር ልትሠራ እንዳይመስልሽ፣ ወሬ ልትሠራ ነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ ስልኬን ያላነሳሽበትን ምክንያት አውቃለሁ። ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ የስልኩን ድምፅ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌ፣ «አባባ አልጋ ላይ ሲውሉ የት ነበርሽ? ያስታመምኳቸው እኔ ብቻዬን ነኝ!» አልኩሽ። «እሺ እትዬ» ብለሽ ዘጋሽው። ያኔ የረታሁሽ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ያቺ «እሺ» ታንገበግበኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባን አልጋቸው ላይ አቅፌ የተነሳሁትን ፎቶ ታውቂዋለሽ። በትልቁ አሳጥቤ ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ፎቶ ቤት ሰጠሁት። በማግስቱ ፎቶ አንሺው ደወለልኝ።

«እትዬ፣ ከኋላ ባለው የቁም ሳጥን መስታወት ውስጥ አንዲት ሴትዮ አለች። ላጥፋት ወይስ ትቆይ?»

«የምን ሴትዮ?» አልኩት።

ሄጄ አየሁ። አንቺ ነሽ። ካሜራው ግማሽ ፊትሽን ሸፍኖታል። ፀጉርሽ አልተበጠረም፤ ትከሻሽ ላይ ፎጣ፣ ሽርጥሽ ኪስ ውስጥ ማንኪያ አለ። እኔስ? አልጋው ጫፍ ላይ ጉብ ብያለሁ። ጫማዬን አላወለቅኩም፤ ቦርሳዬም ከትከሻዬ አልወረደም። ሚጣዬ፣ ቦርሳ አንግቶ የሚያስታምም ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ጠያቂ ነበርኩ።

አልበሙ ውስጥ ያሉትን የአባባን ፎቶዎች ሁሉ ያነሳሽው አንቺ ነሽ። ለዚህ ነው በአንዱም የሌለሽው። እኔ ደግሞ አልበሙን በገለጥኩ ቁጥር እዚያ ሳጣሽ፣ ውሎ አድሮ ከቤቱም አጣሁሽ።

ከደንበኞቼ አንዷ የሥነ ልቦና አስተማሪ ናት። ፀጉሯን እየጠቀለልኩ፣ የሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኳት። «ትዝታ እንደ ልብስ ታጥፎ ተቀምጦ አይጠብቀንም» አለችኝ። «ባወጣነው ቁጥር ትንሽ ቀጥለን፣ ትንሽ ቆርጠን ነው የምንመልሰው። ከሰው የሰማነውን ያየነው ይመስለናል። ደጋግመን ያወራነው ይጠነክራል፣ ያላወራነው ይጠፋል።» ከዚያ በመስታወቱ አየችኝና፣ «ብዙ ጊዜ ደግሞ ቆርጠን የምንጥለው የሚያሳፍረንን ነው» አለች። መጠቅለያው ከእጄ ወደቀ።

የጨዉን ነገር ታስታውሻለሽ? አባባ ከምግብ ይልቅ ክርክር ይወዱ ነበር። ሾርባውን እምቢ ሲሉ «እውነትዎን ነው፣ ጨው የለውም» ስትያቸው፣ «ማን አለ? ልኩ ነው!» ለማለት ሲሉ ይቀምሱ ነበር። በአንድ ሙግት አንድ ማንኪያ። ይህን በየቀኑ በስልክ እየሳቅሽ የምትነግሪኝ አንቺ ነበርሽ፤ እኔ ሌላ ከተማ ደንበኛ እያባበልኩ ነበር። ይኸው ስንት ዓመት ግን፣ ፀጉር ማድረቂያው ሥር ለተቀመጠች ሁሉ «ጨው የለውም እላቸው ነበር» እያልኩ አወራለሁ። የማንኪያው ሙቀት ጣቴ ላይ ሁሉ ይሰማኛል፣ እመኚኝ።

ቅዳሜ ዕለት ፀጉር ቤቱ ሙሽራ አጅበው በመጡ ሴቶች ሞልቶ፣ ልብስ ሰፊዋ «እስቲ ያቺን የአባትሽን የጨው ወሬ ለሙሽራዋ ንገሪልኝ» አለች። ጀመርኩ። መሃል ላይ ወሬውን አቋረጥኩት።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ያበላቻቸው ታናሽ እህቴ ናት።»

«ኧረ ተይ! ምን ነካሽ? አንቺ ነሽ እንጂ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እሷ ናት አልኩሽ።»

«እኔን ነው? ሾርባውን እፍ እፍ እያልሽ ስታበርጂላቸው በዚህ ዓይኔ አይቼ!»

ሚጣዬ፣ ሴትዮዋ እዚህ ሰፈር ገብታ የተዋወቅነው አባባ ከሞቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሴቶቹ ደግሞ «አይ ትሕትና!» እያሉ መረቁኝ። እውነቱን ብናገር እንኳ ምርቃቱ ለእኔ ሆነ።

ፎቶ አንሺውን «ትቆይ» አልኩት። እንዲያውም እኔን ቆርጦ መስታወቱን ብቻ እንዲያሳድገው ለመንኩት። ትንሽ ደብዘዝ ብሏል፣ ግን አንቺ መሆንሽ ያስታውቃል። አንዱን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ፣ አንዱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። «ማናት?» ለምትለኝ ሁሉ እነግራታለሁ። እስኪያምኑኝ እነግራቸዋለሁ።

ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አይደፍርም፤ እጄ ግን ይኸው ጻፈው። መልስ ባትጽፊልኝም አልቀየምሽም። ከጻፍሽ ግን አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፦ የፎቶው ዕለት፣ እኔ ቦርሳዬን እንዳነገትኩ ከወጣሁ በኋላ፣ አባባ ምን አሉ? «ልጄ መጥታ አየችኝ» ብለው ደስ አላቸው ብዬ ለሰው አወራለሁ። ከማን እንደሰማሁት አላውቅም። አንቺ ግን እዚያ ነበርሽ።

አባባን ያጎረስሽበት እጅሽ ይባረክ። ልጆችሽ ያጉርሱሽ።

እትዬሽ