አክሱማዊትን ከጀልባ ላወርድ የሄድኩበት ሳምንት

ይድረስ ለእትዬ ጸሐይወርቅ፣

እንደምን ሰነበቱ እህቴ? ጤናዎ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ክረምት ገባ ወይስ ገና እያስፈራራ ነው? ጋሽ ዘርይሁንን ሳሉ ለቀቃቸው? ሩሀማስ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። መሠረት ደህና ናት፣ ቶሚም ሥራውን እየሠራ ነው። እኔ ከአውቶብስ ነጂነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚህ ቶሮንቶ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር ሃያ አንደኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ የለመድኩትን መንገድ ሌላ ሰው ሲነዳበት እያየሁ ሻይ እጠጣለሁ።

እንግዲህ የላኩኝን ልንገርዎት። «ልጄ ውኃ ላይ እየኖረች ሰው ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? አጎቷ ነህ፣ ሂድና ወደ መሬት አውርዳት። መሬት ላይ ቤት እስክትይዝ የእንግሊዝ ቪዛዬ ቢመጣም እግሬን አላነሳም» ብለውኝ ነበር። ቪዛው መጣ፣ እርስዎ ግን አልተነሱም። እኔም ለሽምግልና እንደሚሄድ ሰው ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ክራባቴን አስሬ፣ ሰኔ ስምንት ቀን እንግሊዝ አገር ዎሪክ የምትባል ከተማ ደረስኩ።

ጀልባ ሲባል የጣና ታንኳ አይምሰልዎት። አሥራ ሰባት ሜትር ርዝመት፣ ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያላት የብረት ቤት ናት። መቀመጫው፣ ማብሰያው፣ መታጠቢያው፣ መኝታው ሁሉም እንደ ባቡር ፉርጎ በሰልፍ ነው። አንዱ ሊያልፍ ሲፈልግ ሌላው ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ጣሪያዋ ላይ የተከመረ ማገዶ አለ፣ ከማገዶው አጠገብ ደግሞ በባልዲ የተተከለ ቃሪያ። በብርዱ ወራት ትንሿ የብረት ምድጃ ከተያያዘች መስኮት ከፍታ እንደምትተኛ አክሱማዊት ነግራኛለች። ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ተቀምጠው ስለ ብርድ እንዳይጠይቁኝ ነው።

ሥራዋን ያውቁታል፣ በስልክ ለሆስፒታሎች ታስተረጉማለች። ጠዋት ጠዋት የማታውቀውን ሰው ሕመም ለሐኪም ስታስረዳ እኔ ወደ ውጭ እወጣላታለሁ። ቦዩ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የድንጋይ ከሰል ሊመላለስበት በሰው እጅ የተቆፈረ ነው። ቋሚ ማሰሪያ ያልተከራየ ሰው አንድ ቦታ ላይ ከአሥራ አራት ቀን በላይ መቆም አይፈቀድለትም። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ቤቷን ነድታ ትሄዳለች። ነድታ ስል ፍጥነቱ የሰው እርምጃ ነው። ውሻውን የሚያናፍስ አንድ አዛውንት ቀድሞን ሄዷል።

በሁለተኛው ቀን፣ ሃያ ስምንት ዓመት በቶሮንቶ በረዶ ላይ አውቶብስ የነዳ ሰው ይህ አያቅተውም ብዬ መሪውን ተቀበልኳት። መሪው ዘንግ ነው። ወደ ቀኝ ለመሄድ ወደ ግራ ይገፋል። ጭንቅላቴ ገባው፣ እጄ ግን እምቢ አለ። «ጋሼ፣ ወደዚያ! ኧረ ወደዚያኛው ይግፉት!» ስትለኝ፣ «ወደዚያ ማለት የቱ ነው?» ስላት፣ የጀልባዋን አፍንጫ ዳሩ ላይ ሰካሁት። ገመድ ይዤ ወደ መሬት ልዘል ስል ጫማዬ ከዳኝና ከነክራባቴ ውኃ ውስጥ ገባሁ። ከዚያም ተነሥቼ ቆምኩ። እትዬ፣ ውኃው እስከ ቀበቶዬ ነበር። ልጄ ትሰምጥብኛለች እያሉ እንቅልፍ ማጣትዎን ስለማውቅ፣ በራሴ ለክቼ ነው የምነግርዎት። ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው አልልም። ጀልባዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት የውኃ በሮች ዘንድ ይጠልቃል፣ እዚያ ስትሠራ ግን የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ትለብሳለች።

ጎረቤት የላትም ብለው ነበር። እኔ ገና ከውኃው ሳልወጣ፣ አጠገባችን ከታሰረው ጀልባ አንዲት ባልቴት ፎጣ ይዘው ብቅ አሉ። ሁሉም ሰው አንድ ቀን ይገባል፣ እንኳን ደህና መጣህ ብለው ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ እዚህ ፎቅ ላይ ፊት ለፊቴ የሚኖረውን ሰው ስም እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ልብሴ ተሰቅሎ፣ እኔ በእሷ ጋቢ ተጠቅልዬ የእርስዎን መልእክት ጀመርኩ። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ብርቅ አይደለም፣ ከሥሩ ሱሪ የሌለው ግን አንደበቱ አይጠነክርም። አክሱማዊት ሳቋን ዋጥ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያም፣ «ጋሼ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ከተከራየሁት ቤት ልቀቂ ተብያለሁ። በየጊዜው አልጋዬን ለሰው እየተውኩ ወጣሁ። አሁንም እንቀሳቀሳለሁ፣ ግን አልጋዬን ጥዬ አይደለም። ቤት አላጣችም ብለው ለእማዬ ይንገሩልኝ» አለችኝ።

እዚህ ስመለስ ቶሚ፣ «ዳዲ፣ ፓርክ ማድረግ አቅቶህ ነው የዋኘኸው?» እያለ መሳቂያ አደረገኝ። መሠረትም ሙሉ ልብሱን ተው ብላኝ እንደነበር በቀን ሁለት ጊዜ ታስታውሰኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አክሱማዊት ትናንት ደውላልኝ ነበር። ጉዞ ጀምራለች። ቦዩ ለንደን ሲደርስ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ ሳይርቅ ያልፋል። እዚያ ለመድረስ መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማና ከመቶ በላይ የውኃ በር ይቀራታል። በእያንዳንዱ በር ብቻዋን ወርዳ፣ በብረት እጀታ ውኃውን ለቅቃ፣ ከባዱን የእንጨት በር በጀርባዋ ገፍታ ትከፍታለች። ከሥራዋ ጋር ስድስት ሳምንት ይፈጅባታል። እማዬ ከአውሮፕላን ስትወርድ ቤቴ እንዳይርቅባት ነው አለችኝ። እናትሽ እኮ አልመጣም ብለዋል ብላት፣ «እሷ እስክትወስን እኔ ልድረስ» አለች። እስከ ትናንት አሥራ አራት በር አልፋለች።

እትዬ፣ ላኩኝ፣ ሄድኩ፣ አላወረድኳትም። ድጋሚ ቢልኩኝም አላወርዳትም። ትኬትዎን ይቁረጡ።

ጋሽ ዘርይሁንን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ፣ ልጃቸው ጤነኛ ናት። ሩሀማን ጉንጯን ይሳሙልኝ። መሠረትና ቶሚ እጅ ነሥተዋል። ጎረቤትዎ ወይዘሮ ሰሎሜም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። «ልጅሽ ወዴት ናት?» ብለው ከጠየቁዎት፣ «ቤቷን ይዛ እኔን ልትቀበል መንገድ ላይ ናት» ይበሏቸው።

ወንድምዎ ሳህሉ
ቶሮንቶ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.