ያ መላጣ ዳኛ

ጥር 22

ዛሬ ሥራ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ፣ የቀረውን ሰዓት ለነገው ጨዋታ ስካርፍ ስሰፋ ዋልኩ። የስታዲየም ጓደኛዬ ብርሃነሽ መጥታ "ባህል አዳራሽ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ሁሉ የሚሰፋው ይሄንኑ ነው" ትለኛለች። ውሸቷን ነው። እንደኔ ዳሩን ደርቦ የሚሰፋ አንድም የለም።

ቡድናችን መጣ! ውድድሩ ከከተማ ከተማ ሲዞር ከርሞ ተራው ለሐዋሳ ደረሰ። ስንት ወር ሙሉ የገዛ ልጆቻችንን በስልክ ስናይ... ያውም ኔትወርክ ሲፈቅድ። ጎል ሊገባ ሲል ይቆማል፣ ሲመለስ ተጨባብጠው እየወጡ ነው። ነገ ግን በዓይኔ በብረቱ!

የግራ ተከላካያችን ነገር ብቻ አላማረኝም። ወደፊት መሄድ እንጂ መመለስ የሚባል አያውቅም ልጁ። አሰልጣኙ ምን እያየ ነው?

ልጄ ኢያኤል አምሽታ ገባች። የምትሠራበት ሐይቅ ዳር ያለው ሆቴል ቅዳሜና እሁድ በውድድሩ እንግዳ ይሞላል። "ተጫዋች አለ?" ብላት፣ "እማዬ፣ የእንግዳ ነገር አይወራም" አለችኝ። ሪሴፕሽን ላይ ስትቆም ሚኒስትር የሆነች ነው የሚመስላት ይቺ ልጅ።

ጥር 23

ተዘረፍን።

አንድ ለአንድ ነበርን። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ያ መላጣ የመሐል ዳኛ ፊሽካውን ነፋ... ሪጎሬ! የምን ሪጎሬ? ተከላካያችን በእጁ ነክቷል ነው የሚለው። ደረቱ ነው! እኔ አይቻለሁ፣ ብርሃነሽ አይታለች፣ ፀሐይ በኩል የተቀመጠ ሰው ሁሉ አይቷል። በረኛችን ወደ ቀኝ ወደቀ፣ ኳሷ በግራ ገባች። ሁለት ለአንድ።

"ሌባ!" አልኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። "አንተ መላጣ! ፀሐይዋ አናትህን መትታህ ነው!" ሰው ሳቀ። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ይብስብኛል። "ፊሽካህን ሽጠህ ባርኔጣ ግዛ!" ብርሃነሽ በሳቅ ትከሻዬ ላይ ወደቀች።

ከዚያ... ዳኞቹ ሲወጡ በኛ ስር ነው የሚያልፉት። እጄ ላይ የውሃ ሃይላንድ ነበር፣ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት። እኔ እኮ ድንጋይ ወርውሬ ዶሮ መትቼ የማላውቅ ሴት ነኝ። ወረወርኩት። የመላጣው ጆሮ ስር ጧ! ቆመ። ዞሮ ቀና ብሎ አየኝ። አየኝ ብቻ... ሄደ።

ክው አልኩ። መታሁት? እኔ?

እራት ላይ ለማቴ ሳወራ ግን ድንጋጤው ጠፍቶ ጀግና ሆኜ ነበር። "ጆሮው ስር አገኘሁት!" ባሌ እንደሆነ ኳስና ሐብሐብ የማይለይ ሰው ነው። "እና አሸነፋችሁ?" ይለኛል። ኢያኤል ግን ሳትጨርስ ተነሳች። "ምነው?" "ጠገብኩ።" ሁለት ጉርሻ አይሞላም እኮ የበላችው! አሟት ይሆን?

ጥር 24

ቤተ ክርስቲያን። ድምፄ ተዘግቷል፣ መዘምራን መሐል ቆሜ አፌን ብቻ ሳንቀሳቅስ ዋልኩ። ስብከቱ ስለ አንደበት። ፓስተሩ እኔን እያየ ነበር ወይስ መስሎኝ ነው?

የካቲት 1

በኢየሱስ ስም! ልጄ ሽማግሌ ሊላክላት ነው!

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ "እማዬ፣ በሚቀጥለው እሁድ እንግዳ ይመጣል" አለች። "የምን እንግዳ?" "ሽማግሌ።" ታቦር ተራራ መውጫው ላይ መንገድ መሐል ቆምኩ። ባጃጅ ጥሩንባውን እየነፋብኝ እንኳ አልሰማሁም። ትናንት ነው እኮ ጫማዋን ያሰርኩላት!

ሕዝቅያስ ይባላል። የሆሳዕና ልጅ፣ የሒሳብ መምህር፣ የኛው እምነት። ፎቶውን አሳየችን። የምረቃ ነው፣ ጥቁር ጋዋን፣ ባርኔጣው ግንባሩ ድረስ ወርዷል። ፊቱ ጨዋ ይመስላል። "ሌላ ፎቶ የለሽም?" ስላት ስልኳን ነጠቀችኝ። አፍራ ነው መሰለኝ።

የካቲት 8

መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንደኛው የልጁ አጎት። ተቀመጡ ስንላቸው "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። ማቴም እንደ ወጉ ፊቱን አጠቆረ... ውስጡ እየሳቀ። ስለ ልጁ ትምህርት፣ ስለ ጸባዩ፣ ስለ ቤተሰቡ ተናገሩ። አጎትየው መጨረሻ ላይ "ስፖርትም ይወዳል" አለ። ይሄን ሲል ግማሽ ልቤ ወደ ልጁ ሄደ።

ለሳምንት ቀጠርናቸው።

የካቲት 15

ቃል ሰጠን። ማቴ "ልጃችንን ሰጥተናችኋል" ሲል እልልታውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

የካቲት 22

ከየት ልጀምር?

ዛሬ ሕዝቅያስ ሊተዋወቀን መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ሽር ጉድ ስል ነበር። የዓሣ ዱለቱ ደርሷል፣ ለስላሳው ቀዝቅዟል፣ በሩ ሲንኳኳ ማንንም ሳላስቀድም ሮጥኩ። ከፈትኩ። ኢያኤል ቆማለች። ከጎኗ ሱፍ የለበሰ፣ ኬክ የያዘ ሰው። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ታበራለች።

መላጣው።

ደርቄ ቀረሁ። እሱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ጎንበስ ብሎ፣ ኬኩን በሁለት እጁ እየዘረጋ፣ "እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ሮማን" አለ። ግቡ አልኩ መሰለኝ። አላስታውስም።

ማቴ ምን ያውቃል? ገና እንደተቀመጥን "ልጄ፣ ኳስ ትወዳለህ? እዚህ ቤት የማይወድ ሰው መከራውን ነው የሚያየው፣ ምስክሩ እኔ ነኝ" አለ። ኢያኤል አንገቷን ደፋች።

"ሁልጊዜ ሜዳ ነኝ፣ አባባ።"

"ትጫወታለህ?"

"አጫውታለሁ። ዳኛ ነኝ።"

ማቴ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። የልጁን አናት አየ። እንደገና እኔን አየ። ከዚያ ሳቁ መጣ... ትን ብሎት ውሃ እስኪሰጠው ድረስ ሳቀ። ውሃውን የሰጠው ማን ሆነና? ሕዝቅያስ!

ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ኢያኤል ተከተለችኝ።

"ያን ቀን እራት ላይ እኔ ሳወራ... እሱ እንደሆነ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እና ዝም?"

"ምን ልበልሽ እማዬ? 'ጆሮው ስር አገኘሁት' እያልሽ ስትስቂ፣ የኔ ነው ልበልሽ?"

"ለእሱስ ነግረሽዋል? የወረወርኩት እኔ እንደሆንኩ?"

"እብድ ነኝ? 'የመታችህ እናቴ ናት' ልበለው?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የካቲት 23

ማቴን "ቃላችንን እንመልስ" አልኩት።

"በምን ምክንያት? ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ሪጎሬ ሰጥቶብናል ልበላቸው?"

ሳልወድ ሳቄ መጣ። ግን የሚያስቅ አይደለም። ሌባ እኮ ነው ያልኩት፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት። ሌባ ከሆነ ልጄን እንዴት እሰጠዋለሁ? ሌባ ካልሆነ ደግሞ... እኔ ምንድን ነኝ?

ኢያኤል ሰምታናለች ለካ። ትንሽ ሻንጣ ይዛ ወጣች። "ሥራ ቦታ ከልጆቹ ጋር አድራለሁ" አለች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። በሩ ላይ ቆማ፣ "አንቺ ሳትፈቅጂ አላገባውም። ግን ሌላ ሰውም አታምጪብኝ" ብላኝ ሄደች። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

የካቲት 25

ለብርሃነሽ ነገርኳት። ለማን ልንገር ሌላ?

"በስመ አብ ወወልድ!" ብላ ሦስቴ አማተበች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። "እልል በይ እንጂ! ከአሁን በኋላ ሪጎሬ ከቤታችን አይወጣም!"

"አታሹፊ።"

ሳቋን ዋጥ አደረገች። "ሮማንዬ፣ የምሬን ልንገርሽ? ሰው ከሰማ ፀሐይ በኩል አትቀመጭም። ቡድናችን በተሸነፈ ቁጥር አንቺን ነው የሚያዩሽ። ቡድኗን የሸጠች ነው የሚሉሽ።"

እውነቷን ነው። ያቺ ቦታ እኮ... ከሰኞ እስከ አርብ መርፌ ላይ ጎንበስ ብዬ ስውል ቀና የምልባት እሷ ናት። ባዶ ቤት ተቀምጬ ይሄን እጽፋለሁ። የኢያኤል ክፍል በር እንደተዘጋ ነው።

የካቲት 26

የልጁ እናት ደወሉ! ከሆሳዕና። ወይዘሮ ታቢታ ይባላሉ። ቁጥሬን ከአጎትየው ተቀብለው ነው። የኛን ጉድ አልሰሙም። ድምፃቸው እንዴት ደስ ይላል...

"እህቴ፣ ልጄን ስለተቀበላችሁልኝ ጌታ ይባርካችሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎት። እሱ ሲያጫውት ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ማየት አልችልም። ባልሰማው ደግሞ እጨነቃለሁ። ያኔ እናንተ ከተማ አንዲት ሴት በሃይላንድ ጆሮው ስር መታችው። ሴት ናት አሉ! እናት ትሆናለች እኮ! በየቀኑ እጸልይላታለሁ፣ ጌታ እጇን ያዝልኝ እያልኩ። እርስዎ እዚያው ነዎትና... አደራ፣ ከልጄ ላይ ዓይንዎን አይንቀሉብኝ።"

"አሜን" አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ማሽኑ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። አንድ ደንበኛ ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ "አሞሽ ነው?" አለኝ።

ስንት ዓመት ሙሉ ስንቱን ዳኛ ሰድቤያለሁ... ጀርባዋን ሰጥታ የምታዳምጥ እናት አለችው ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ዳኛ እናት ያለው አይመስለኝም ነበር!

የካቲት 28

ጠዋት ሱቅ ገና ከመክፈቴ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ብርሃኑን ጋረደኝ። ቀና ስል ሕዝቅያስ። ጥቁር የዳኛ ማሊያ ይዟል።

"የደረት ኪሱ ተቀዷል፣ እትዬ። ካርዶቹ ይወድቁብኛል። ከሰዓት ሥራ አለኝ።"

ከተማው ልብስ ሰፊ አጥቷል? ተቀበልኩት። ማሽኑን እያስነሳሁ፣ ዓይኑን ሳላይ፣ "ያን ቀን ማን እንደወረወረብህ ታውቃለህ?" አልኩ።

"አውቃለሁ። ኢያኤል ፎቶዎን ቀደም ብላ አሳይታኝ ነበር። ስካርፍ አድርገው የተነሱትን። ቀና ስል ወዲያው ነው የለየሁዎት።"

ማሽኑን አቆምኩ። "ያን ቀን? ሽማግሌ ሳትልክ?"

"ሳልልክ።"

"እና እያወቅክ ላክህ?"

"ለአንድ ሪጎሬ እንዲህ የሆነች ሴት፣ ለልጇ ደግሞ እንዴት ትሆን ይሆን አልኩ።" ሳቅ አለ። "ለኢያኤል ግን አልነገርኳትም። በእርስዎ እንዳታፍር።"

እሷ እሱ እንዳይከፋ ደበቀችው። እሱ እሷ እንዳታፍር ደበቃት። መሐላቸው የተቀመጥኩት እኔ፣ ሃይላንዴን ይዤ! እንባዬ ኪሱ ላይ እንዳይወድቅ ክሩን ለመቁረጥ ዞር አልኩ።

ኪሱን ሁለቴ ደርቤ ሰፋሁለት። ሲቀበለኝ፣

"ግን እትዬ፣ በእጁ ነክቷል።"

"ደረቱ ነው!"

"እጁ ነው።"

"ደረቱ ነው አልኩህ! ውጣ ከሱቄ!"

እየሳቀ ወጣ። ለኢያኤል ደወልኩላት። "ሻንጣሽን ይዘሽ ነይ። አባትሽ ሰርጉ መቼ ነው እያለ ነው።" ከዚያ ስልኩ ውስጥ ለቅሶዋን ሰማሁ።

መጋቢት 5

ዛሬ የኛን ጨዋታ ሕዝቅያስ ያዘው።

ኢያኤል ሥራ ላይ ናት። ብርሃነሽ ከጎኔ ናት፣ በክርኗ እየጎሰመችኝ። ቦታዬ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ስካርፌን አድርጌያለሁ፣ እንደ ወትሮዬ ጀምሬያለሁ። "ተመለስ! ግራውን ዝጋ!" ከዚያ... አላውቅም። ዓይኔ ኳሷን ትቶ እሱን ይከተላል። ስንት ነው እኮ የሚሮጠው! ተጫዋች እንኳ ያርፋል። አንዱ ተጫዋች ገፋው፣ ሁለቱ ከበቡት፣ የኛው አምበል ጆሮው ላይ ይጮኻል። እሱ እጁን ወደኋላ አድርጎ ይሰማል።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ለግራ ተከላካያችን ቀይ ካርድ አወጣ። ስታዲየሙ ተነሳ። "ሌባ!" ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን። እናቱን የሚሰድብም አለ... ወይዘሮ ታቢታን! ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው የተቀመጡትን።

ሲያልቅ ዳኞቹ በኛ ስር መጡ። ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ የውሃ ሃይላንድ ይዞ እጁን አነሳ። ዘልዬ ክንዱን ያዝኩት።

"ተው!"

"ልቀቂኝ እናቴ፣ ምን አገባሽ?"

"አማቱ ነኝ!"

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። የኔ ድምፅ ደግሞ ይታወቃል። ያ ሁሉ መስመር ወደኔ ዞረ። ብርሃነሽ ስካርፏን ፊቷ ላይ ሳበችው። "በቃ፣ አለቀልን" ስትል ሰማኋት። ጎረምሳው አፉን ከፍቶ ያየኛል። ከላይ አንዱ "አማቱ ነኝ አለች?" አለ፣ አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ሰደበኝ። ይስደበኝ። እኔ ልጁን እያየሁ ነበር። በሩ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አየሁት። አንድ ነገር አልነካውም።

ወጥቼ መጀመሪያ ሆሳዕና ደወልኩ። "ደህና ወጣ" አልኳቸው። "ገብቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።"

እቤት ስገባ ማቴ በር ላይ ጠበቀኝ። "እሺ ሮሚ፣ ስንት ለስንት?"

ጎል ነበር? ጩኸት ሰምቻለሁ... የማን ነበር?

ለብርሃነሽ ደውዬ፣ "ስንት ለስንት ነው ያለቀው?" አልኳት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ደግሞ ትቀልጂብኛለሽ?" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ይሄን እስክጽፍ ድረስ ውጤቱን አላወቅኩም።