ጋሽ እንድርያስ ያላሉትን ስላሉላቸው እናመሰግናለን

ለተከበሩ የከርሰ ምድር ሀብት ማግባቢያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ቤተሰብዎም፣ ክረምት ከበጋ ጎማው ጭቃ የማይነካው መኪናዎም ደህና እንደሚሆኑ ተስፋ አለኝ። እኛ ከሚዛን ወደ ሸኮ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ በሚገባው መንደር የምንኖር ሰዎች፣ ድልድያችንን ወንዝ ከመውሰዱ በቀር ደህና ነን። ስሜ ውድነሽ ነው። ኮረሪማና ማር ሚዛን ገበያ አውጥቼ እሸጣለሁ። ቤንችኛን ከእናቴ፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፤ ይህንንም የምነግርዎ ለመመካት ሳይሆን በኋላ ለሚመጣው ጉዳይ ስለሚያስፈልግ ነው።

ለጽሕፈት ቤትዎ የማቀርበው ምስጋና ብዙ ስለሆነ እንዳይደባለቅብዎ በቁጥር ለይቼዋለሁ።

፩. ስለ ድልድዩ። ድልድያችን በተወሰደ ጊዜ ለማሠሪያ አዋጥተን ነበር፤ ቡና ያለው ከቡናው፣ ዶሮ ያላት ከዶሮዋ። መንግሥትም የበኩሉን ጨመረ። ከዚያ ገንዘቡ «ለጊዜው» ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መዛወሩን ሰማን። ለምን ብለን ስንጠይቅ፣ ከመንደራችን በላይ ያለው ጥብቅ ደን ለነዳጅ ቁፋሮ እንዲከፈት አዲስ አበባ ያሉትን ባለሥልጣናት ለማግባባት ነው ተባልን። ነዳጅ ይኑር አይኑር ገና ያወቀ የለም፤ ሆቴሉና አበሉ ግን መኖራቸው ተረጋግጧል። በዚያ ደን ውስጥ ቀፏችን ተሰቅሏል፣ ኮረሪማችን በጥላው ሥር ይበቅላል፣ የምንጠጣው ውኃም የሚነሣው ከዚያ ነው። በገዛ ገንዘባችን በገዛ ራሳችን ላይ ጠበቃ ስላቆሙብን ከልብ እናመሰግናለን።

፪. ስለ ልዑካኑ። ማግባባት የሕዝብ ፊት ስለሚፈልግ ጽሕፈት ቤትዎ ሽማግሌ ፈለገ፤ ጋሽ እንድርያስንም መረጠ። በምርጫው አልተሳሳታችሁም። ጋሽ እንድርያስ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ በድንበር የተጣላ ሰው ከፍርድ ቤት በፊት እርሳቸው ደጅ ይደርሳል። የገበያ አማርኛ ይችላሉ፤ የአዳራሽ አማርኛ ግን አይገባቸውም፤ በሰው ፊት ሲቆሙ የሚናገሩት በቤንችኛ ነው። ሰዎችዎ መጥተው «ስለ ድልድዩ ለትልልቆቹ ራስዎ ይንገሩልን» አሏቸው። ባለቤታቸው እትዬ ሰሎሜ ኮታቸውን ተኩሰው፣ ለመንገድ ቆሎ ቋጥረው ሸኟቸው። ሴቶችን ትወክላለች ተብላ ዮሃና የምትባል የአማን ከተማ ልብስ ነጋዴም አብራቸው ሄደች፤ ወላጆቿ ከሰሜን የመጡ ናቸውና ቤንችኛ አትሰማም።

ጋሽ እንድርያስ አዲስ አበባ ባለው የስብሰባ አዳራሽ ተናገሩ፤ ተርጓሚዎም ተረጎመ። በሳምንቱ ንግግሩን በሬዲዮ ሰማነው። የእርሳቸው ድምፅ ከሥር እንዲጠፋ ተደርጎ በላዩ እንዲህ የሚል ጥሩ አማርኛ ተሰማ፦ «ጫካው ለእኛ ድህነት ነው። ቁፋሮው ዛሬ ነገ ሳይባል እንዲጀመር ሕዝቤ ይለምናል።»

መንደሩ ያን ዕለት ምን እንደ ሆነ እርስዎ አላዩም፤ አይፈረድብዎትም፣ ድልድይ የለንም። ጋሽ እንድርያስ ሲመለሱ ሰላምታቸውን የሚቀበል ጠፋ። እኔ ጎረቤታቸው ነኝና ቤታቸው ሄጄ «ጋሽ፣ እውነት እንዲህ ብለዋል?» አልኳቸው።

«እኔ የተናገርኩት ስለ ድልድዩ ነው» አሉኝ። ይህንኑ ለሁሉም ተናገሩ፤ ሬዲዮ የሰማ ሰው ግን አላመናቸውም። በቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻቸውን መቀመጥ ጀመሩ።

፫. ስለ እትዬ ሰሎሜ። ክረምቱ በከፋበት ሰሞን፣ እትዬ ሰሎሜ ጠዋት ከደጃቸው ወደቁ። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ። አምቡላንስ ተጠርቶ ከወንዙ ማዶ ደረሰና ቆመ። በእኛ አገር ሕመምተኛ በቃሬዛ የሚሸከም ሰው አይለመንም፤ ጩኸት የሰማ ሁሉ ይመጣል። ያን ጠዋት ከእኛ ቤት በቀር ማንም አልመጣም። ጋሽ እንድርያስ በየቤቱ እየዞሩ ለመኑ። አዲሱ የሚባል፣ የወንድሙን ደም እርሳቸው ያስታረቁለት ሰው፣ በሩ ላይ ቆሞ «ነዳጁን የሰጧቸው ሰዎች መኪና ይላኩልዎት» አላቸው።

እኔና ባለቤቴ ፍቅሩ ቃሬዛውን ለብቻችን ማሻገር አልቻልንም። ዘመዶቻቸው ከላይኛው መንደር እስኪደርሱ ወንዙ ሞላ፤ እስኪጎድልም ጠበቅን። አማን ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» ብላ ጀምራ፣ የጋሽ እንድርያስን ፊት ስታይ አልጨረሰችውም። እትዬ ሰሎሜ በሕይወት አሉ። ቀኝ እጃቸው አይነሣም፤ ቃልም አይወጣቸውም። ለዚህ ምን ዓይነት ምስጋና እንደሚገባ ብፈልግ ስላጣሁ ቁጥሩን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ከዚህ በኋላ የሆነውን እንዲሁ ልንገርዎ።

ዮሃና መታመማቸውን ሰምታ ልትጠይቃቸው መጣች። ለማጽናናት ብላ «ባለቤትዎ በዚያ ትልቅ አዳራሽ እንዴት እንዳማረባቸው ይዩልኝ» አለችና፣ ለማስታወሻ የቀረጸችውን ከስልኳ አሳየቻቸው። እኔ ከአልጋው አጠገብ ነበርኩ። የጋሽ እንድርያስ ድምፅ ምንም ሳይሸፈን ተሰማኝ፤ በቤንችኛ እንዲህ ይላሉ፦ «ጫካው የሁላችንም ነው፤ ብቻዬን ልሰጣችሁ አልችልም። የመጣሁት ስለ ድልድዩ ነው። ክረምት ሲገባ ሕመምተኛ የምናሻግርበት የለንም።» ቀጥሎ ተርጓሚዎ ያንን ጥሩ አማርኛውን አወረደው።

ዮሃናን ድገሚው አልኳት። ጋሽ እንድርያስ ከግርጌ ተቀምጠው ነበር፤ ተርጓሚው እዚያው አዳራሽ እፊታቸው ያለውን ቃል በቃል መልሼ ነገርኳቸው። «በእኔ አፍ?» ብቻ አሉ።

እሑድ ቀረጻውን በቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ አሰማነው። ከአምልኮ በኋላ ሰዉ ተያይዞ ወደ ጋሽ እንድርያስ ቤት ሄደ፤ አዲሱ ከፊት ነበር። ይቅርታ ሊጠይቅ እግራቸው ላይ ሲወድቅ አነሡትና «እኔን ተወኝ፤ እሷ ውስጥ ናት» አሉት። አንድ በአንድ ገቡ። እትዬ ሰሎሜ ሁሉንም ያውቋቸዋል። ለአንዳንዶቹ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። አዲሱ ሲገባ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እስኪወጣም አልመለሱም። ጋሽ እንድርያስም ላስታርቃችሁ አላሉም።

ቀረጻውን ይዘን ቢሮዎ ስንመጣ በትሕትና ተቀበሉን። «ተርጓሚው ቃሉን ሳይሆን መንፈሱን ነው የተረጎመው» ሲሉም አስረዱን። የቁፋሮው ማመልከቻ በጋሽ እንድርያስ ስም ለበላይ አካል ስለተላለፈ ለመመለስ እንደሚያስቸግር ጨመሩ። ክቡር ሆይ፣ የአንድ ሰው መንፈስ ምን እንደሚል እርስዎ ከባለቤቱ የበለጠ ማወቅዎ ያስደንቃል።

እንግዲህ ጋሽ እንድርያስ የሚሉትን እኔ ልተርጉምልዎ፤ ቃሉን ብቻ። ድምፃቸው ሳይሸፈን በዚያው ሬዲዮ ይሰማ። ስማቸው ከማመልከቻው ይውጣ። የድልድዩ ገንዘብ ለድልድይ ይዋል። ስለ ደኑ የሚጠይቀን ካለ ሁላችንን፣ በቋንቋችን፣ እዚሁ ይጠይቀን። መልስ ካልመጣ ግን ይህ ደብዳቤና ቀረጻው ማመልከቻው በሄደበት ሁሉ ተከትለው ይሄዳሉ፤ መንገዱን ዮሃና ታውቀዋለች።

በተናገሩት ብቻ የሚታሙበት፣ ባልተናገሩት ግን ማንም የማይጠላዎት ረጅም ዕድሜ የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ ውድነሽ
ከወንዙ ማዶ

ማሳሰቢያ፦ ለሚቀጥለው የምክክር ስብሰባ የላኩልን ጥሪ ደርሶናል። ወደ ወረዳው አዳራሽ ስንገባ ለመገኘታችን እንድንፈርም ተጽፏል። ባለፈው ጊዜ የመገኘት ፊርማችን የስምምነት ፊርማ ሆኖ ስለተገኘ፣ እኛ ከውጭ ካለው ዋንዛ ሥር ቆመን በመስኮት እንሰማለን። እስከዚያ ድረስ ዋንዛውን እንዳያስቆርጡብን በትሕትና እንለምናለን።