አያለች አንገት ላይ ያለው ብርህ

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለኢላይ። ባለህበት ፈጣሪ ይጠብቅህ፤ እኛ ከአያትህ ከአያለች ጭቅጭቅ በቀር ደኅና ነን።

ስልክህን አላነሣ ብትል በደብዳቤ ልከሳት ነው። ለውትድርና ከሄድህ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያልፈተገችው ዕቃ የለም። በቀደም ደግሞ ከሰጠመው የስፔን መርከብ የወጣውን ያን የጥንት የብር ሳንቲምህን በሎሚና በጨው ፈትጋ መስታወት አስመሰለችው። "ኧረ አንቺ ሴት፣ ልጁ የሚወደው ባሕሩ ያጠቆረውን ነው" ብላት፣ "የባሕር ቆሻሻ ይዤ ልጠብቀው?" አለችኝ። ይባስ ብላ ጎንደር እንደምናውቀው ጠገራ ብር አስበስታ አንገቷ ላይ አሰረችው።

"አውልቂው" ስላት፣ "ባለቤቱ መጥቶ ያውልቀው" ትላለች። ስትተኛም ከነብሩ ነው።

እኔ ታከተኝ። ለሰንበት፣ ለሻባት፣ አስፈቅደህ ናና ራስህ ተቆጣት፤ እኔም ከእሷ ጎን ቆሜ እስቅብሃለሁ።

ቁጣህን ለመስማት የቸኮለው፣
አያትህ ቸሩ
ከቂርያት ጋት